ዓይን መለዋወጫ የለውም

ለሞተር ሁሉም ነገር መለዋወጫ አለው። ጎማው፣ ፍሬን ሸራው፣ ሰንሰለቱ፣ ካንዴላው፣ ስፖኪዮው ከሱቅ ይገኛል። የነጂው ዓይን ግን የለውም። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ታዲያ ስፖኪዮው ሲሰበር በማግሥቱ የሚያስገጥም ሰው ዓይኑን ራቁቱን ለፀሐይና ለአቧራ ሰጥቶ ዓመት ሙሉ የሚነዳው ለምንድን ነው? የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ አስተዋይ ተነስቶ ዓይኑን በመነጽር ሲሸፍን "ምነው፣ አርቲስት ሆንክ እንዴ?" የሚለው ጎረቤት፣ ባልደረባ፣ አለቃ መዓት ነው።

እኔ ባሕር ዳር የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። በስኩተር ነው የምመላለሰው። የዓይን ሐኪም አይደለሁም፣ ያለኝም የመምህርነት ዲፕሎማ ነው። ግን ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ፣ እንዴት እንደሚንጸባረቅ፣ እንዴት እንደሚበተን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ለልጆች አስረዳለሁ። ካስተማርኳቸው ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ በየወረዳ ከተማው በሞተር ሰው እያመላለሱ፣ ዕቃ እያደረሱ እንጀራ ይበላሉ። መንገድ ላይ አስቁመው "ቲቸር" ብለው ሰላም ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው ዓይናቸውን ነው። ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ዓይኑ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በአፍንጫው በኩል ከነጩ ላይ ሥጋ ነገር በቅሎበት አያለሁ። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው "ያው ፀሐይ ነዋ ቲቸር፣ ለምደነዋል" ይለኛል። ይህ "ለምደነዋል" የሚባለው ቃል ነው ያናደደኝ። እንጀራው በዓይኑ የሆነ ልጅ የዓይን ጉዳትን እንዴት ይለምዳል?

እስቲ የምትሰጡትን ምክንያት አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛ፦ "አባቶቻችን ያለ መነጽር ኖረው የለም ወይ?"

ይህን የሚል ሰው አባቶቹን በደንብ አላያቸውም። አባቶቻችን ፀሐይን ንቀው አያውቁም። ገበሬው ባርኔጣ ያደርጋል። እናቶች ነጠላቸውን ግንባራቸው ድረስ ይስባሉ። ቄሱም፣ ሼኩም፣ ገበያ የምትሄደውም እናት ጃንጥላ ይይዛሉ። በአገራችን ጃንጥላ ከዝናብ ይልቅ ለፀሐይ የሚዘረጋበት ቀን ይበዛል። ሽማግሌ ሲሸመግል ከዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው። ባህላችን ከፀሐይ መከለልን ያውቃል፣ እንዲያውም ያከብረዋል።

አሁን እስቲ ጃንጥላ ይዘህ ሞተር ንዳ። ነጠላህን ግንባርህ ላይ ስበህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሂድ። ባርኔጣህ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ በርሮ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ሞተር ላይ የወጣ ሰው የአባቶቹን መከለያ ሁሉ አውልቆ ነው የወጣው። በምትኩ ሌላ ካላደረገ "እንደ አባቶቼ ነኝ" ማለት አይችልም።

ደግሞስ አባቶቻችን ምንም አልሆኑም ያለህ ማነው? በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር ነበር። የዚህ ግማሽ ያህሉ መንስኤው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ሞራን ከሁሉ በላይ የሚያመጣው ዕድሜ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን ዕድሜ ልክ ዓይን ላይ የተጠራቀመ የፀሐይ ጨረር ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ መሆኑን የሕክምና ሰዎች በግልጽ ይናገራሉ። የሞራ ቀዶ ጥገና ዘመቻ ሲመጣ ሆስፒታል ግቢ ሄዳችሁ እዩ። አንድ ዓይናቸውን በፋሻ ተሸፍነው፣ የልጅ ልጃቸው እጅ ይዟቸው የተሰለፉትን አያቶች እዩና "አባቶቻችን ምንም አልሆኑም" በሉ።

ሁለተኛ፦ "የአበሻ ዓይን ጥቁር ነው፣ ፀሐይ አይጎዳውም። መነጽር ለፈረንጅ ነው።"

ይህ ደግሞ የተማረውም ሰው የሚደግመው ነው። የዓይናችን ጥቁር ቀለም ያለው በብሌኑ ዙሪያ ባለው ክብ ላይ ነው። ከሰማያዊ ዓይን ይልቅ ብርሃን በዚያ ክብ በኩል እንዳይሾልክ ይረዳል፣ እውነት ነው። ስለዚህም ፈረንጁ ቀድሞ ዓይኑን ይጨፍናል። ነገር ግን ከፊት ያለው የዓይን መስታወት፣ ማለትም ኮርኒያው፣ የፈረንጁም የአበሻውም ቀለም የለውም። ብሌኑም ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳ ደግሞ የማንም ቢሆን ቀዳዳ ነው። ከኋላው ያለው ሌንስም በሁላችንም ዘንድ ብርሃን የሚያስተላልፍ ነው። አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር የሚጎዳው እነዚህን ነው። ያ በአፍንጫ በኩል የሚበቅለው ሥጋም፣ ሐኪሞች ቴሪጂየም የሚሉት፣ በምድር ወገብ አካባቢ በምንኖር፣ ፀሐይና ነፋስና አቧራ በማይለየን ሰዎች ላይ ነው የሚበዛው። ሲያድግ ወደ ብሌኑ ይጠጋል፣ እይታን ያውካል። በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ግን ተመልሶ ሊበቅል ይችላል።

ብየዳ ቤት ጎረቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ሆነን የብየዳውን ብልጭታ ቆሞ ያየ ልጅ ሌሊቱን ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ሲያለቅስ ያድራል። ያ ልጅ ዓይኑ ጥቁር አልነበረም እንዴ? ያቃጠለው ያው አልትራቫዮሌት ነው። ልዩነቱ ብየዳው በደቂቃዎች ያደረገውን ፀሐይ በዓመታት ቀስ እያለች ማድረጓ ነው።

ሦስተኛ፦ "እኛ ጋ ብርድ ነው፣ ፀሐዩ አይከብድም።"

ይህን የምትሉ የደጋ ልጆች፣ ስሙኝ። የምትሰሙት ሙቀት ሌላ፣ ዓይን የሚጎዳው ጨረር ሌላ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ምክንያቱም ጨረሩን የሚያጣራው አየር እየሳሳ ይሄዳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ናት። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ እጁ በብርድ ደንዝዞ ሞተር የሚነዳው ሰው፣ በተመሳሳይ ሰማይ ሥር በረሃ ላይ ላቡ ከሚንጠፈጠፈው ሰው የበለጠ ጨረር ዓይኑ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አገራችን ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ቀጭን ደመናም ብዙውን ጨረር አያግደውም። ጨረሩ የሚበረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፤ የሞተረኛ ሥራ የሚደራበት ሰዓት ማለት ነው።

አንድ ነገር አስታውሱ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና የታየች ዕለት አገር ምድሩ መነጽር ሲፈልግ ነበር። "ዓይናችሁን ጠብቁ፣ በባዶ ዓይን እንዳታዩ" ያላለ ሰው አልነበረም። ትክክል ነበርን፣ ፀሐይን አፍጥጦ ማየት ሬቲናን ያቃጥላል። ግን ለአንድ ጠዋት ግርዶሽ ያን ያህል የተጨነቀ ሕዝብ፣ በቀጣዩ ቀን ጠዋት ወደ ምሥራቅ ሲነዳ ፀሐይን ፊት ለፊት እያያት ምንም አይመስለውም።

አራተኛ፦ "እኔ እኮ መነጽር አለኝ!"

አለህ። ከሱቅ በደረቴ የገዛኸው፣ ከጥቁርም ጥቁር የሆነ፣ ጎኑ ላይ የትልቅ ብራንድ ስም በስህተት ፊደል የተጻፈበት። ልጁን አልወቅሰውም፣ እሱም እንጀራው ነው። ግን እዚህ ጋ ነው ትልቁ አለማወቅ ያለው። ጥቁረትና ጨረር ማገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥቁር ቀለም የሚቀንሰው የሚታየውን ብርሃን ነው። አልትራቫዮሌት የሚያግደው የሌንሱ ቁስ ወይም የተቀባው ቅብ ነው። ጨረር የማያግድ ጥቁር መነጽር ስታደርግ ዓይንህ "ጨለመ" ብሎ ብሌኑን ይከፍታል። በተከፈተው በር የሚገባው የማይታየው ጨረር ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱ መነጽር ከባዶ ዓይን የባሰ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ምንም ቀለም የሌለው፣ እንደ ውኃ የጠራ የፖሊካርቦኔት መነጽር አብዛኛውን ጨረር ያስቀራል። ብዙው የሄልሜት መስታወት የሚሠራውም ከዚሁ ከፖሊካርቦኔት ነው፣ መስታወት የምንለው በልማድ ነው።

የጥቁረት ደረጃ ደግሞ አለው፤ ከ0 እስከ 4 ይቆጠራል። 3 የሚባለው ከብርሃኑ ከ8 እስከ 18 በመቶ ያሳልፋል፣ ለብርቱ ፀሐይ ይበቃል። 4 የሚባለው ከ8 በመቶ በታች ነው የሚያሳልፈው፣ ለበረዶ ተራራ የተሠራ ነው፣ በእሱ መኪናም ሞተርም መንዳት አይፈቀድም። እኛ ግን "ጥቁር ባደረግከው ቁጥር ጥሩ ነው" ብለን እንገዛለን። ከዚያ ከጠራራ ፀሐይ ድንገት ከዛፍ ጥላ ሥር ስትገባ ጉድጓዱም ውሻውም አይታይህም። ዓይን ከብርሃን ወደ ጥላ ለመልመድ ሰከንዶች ይፈልጋል። እነዚያ ሰከንዶች ስንት ሜትር እንደሆኑ ቀጥሎ እናሰላለን።

አምስተኛ፦ "ምን አለበት፣ ዓይኔን ጨፈን እያደረግሁ እነዳለሁ።"

እሺ፣ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 11 ሜትር ነው። ፀሐይ ፊትህን መታችህ፣ ወይ ትንኝ ዓይንህ ውስጥ ገባች፣ ወይ ከፊትህ ያለው ሲኖ ትራክ አሸዋ በተነብህ እንበል። ሁለት ሰከንድ ዓይንህን ጨፈንክ። 22 ሜትር በጭፍኑ ሄድክ ማለት ነው። ሁለት መማሪያ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ነው። በሰዓት 60 ከሆነ 33 ሜትር ነው። በ33 ሜትር ውስጥ ስንት ሕፃን መንገድ ይሻገራል? ስንት ባጃጅ ያለ ፍሬቻ ይታጠፋል? ከተማችንን ታውቋታላችሁ።

ፈጣሪ ለዓይን ቅንድብ፣ ሽፋሽፍትና ቆብ ሰጥቶታል። ለእግረኛ ይበቃሉ። ሞተሩን የጨመርከው ግን አንተ ነህ። ፍጥነቱን ከጨመርክ መከለያውንም መጨመር ያንተ ድርሻ ነው። "እግዜር ይጠብቀኛል" ማለት መልካም ነው፣ ፍሬንህን ግን እሱን ብለህ አልፈታኸውም።

ነፋሱስ? ፍጥነት ላይ ነፋስ ዓይንን ያደርቃል፣ የደረቀ ዓይን ያነባል፣ የሚያነባ ዓይን ደግሞ መንገዱን የሚያየው በዝናብ መስኮት በኩል እንደሚያይ ሰው ነው። ማታ ቤት ሲገባ ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል። ከዚያ ምን ይደረጋል? ጎረቤት የተረፋትን ጠብታ ታበድረዋለች፣ ወይ ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ። ቅላቱን ቶሎ የሚያጠፉት አንዳንዶቹ ጠብታዎች ስቴሮይድ አለባቸው፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ራሳቸው ግላኮማና ሞራ ያመጣሉ። ከግላኮማ የጠፋ እይታ ደግሞ አይመለስም። ዓይን ውስጥ አቧራ ሲገባ አትሹት፣ በንጹሕ ውኃ እጠቡት። ካልወጣ ወይም ማየት ከከበዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ስድስተኛ፦ "መነጽር አድርጎ ሰው ማናገር ነውር ነው።"

በዚህ እስማማለሁ። ታላቅ ሰው ፊት ጥቁር መነጽር አድርጎ መቆም አያምርም። ሰው ሲያናግርህ ዓይንህን ማየት ይፈልጋል፣ ይህ ወጋችን ነው፣ ደግ ወግም ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፣ ስትቆም አውልቅ። ሞተርህን አቁመህ፣ መነጽርህን አውልቀህ፣ ዝቅ ብለህ "እንደምን ዋሉ" በል። ስትነሳ አጥልቅ። በሰዓት 40 እየነዳህ የምታናግረው ሽማግሌ የለም።

ግን ነውሩን ተገን አድርጎ ሰው የሚያሸማቅቀውን አልቀበልም። በተለይ በስኩተር ሥራ የምትሄድ ሴት መነጽርም ሄልሜትም አድርጋ ስታልፍ ከካፌ በረንዳ ላይ ሆኖ የሚቀልደውን ወንድ። እሷ ዓይኗንም አናቷንም ጠብቃ ቤቷ ትገባለች። አንተ ማኪያቶህን ጠጣ።

ሰባተኛ፣ ይሄኛው ለአራዶቹ ነው፦ ማታም የማያወልቁት።

ቀን ለጠቢቡ ስሟገት የሰነበትኩትን ያህል ማታ ለሞኙ አልሟገትም። ጥቁር መነጽር ወይም መስታወት የመሰለ የሚያብረቀርቅ የሄልሜት መከለያ ማታ ማድረግ በጨለማ ላይ ጨለማ መጨመር ነው። "የማታ መነጽር" እየተባለ የሚሸጠው ቢጫውም ያው ነው። የትኛውም ባለቀለም ሌንስ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ማታ የሚያስፈልገው የጠራ፣ ያልተጫረ መከለያ ብቻ ነው። ከፊትህ ረጅም መብራት ለቆብህ ለሚመጣ ሹፌርም መድኃኒቱ ዓይንህን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ ማድረግና ፍጥነት መቀነስ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበውን የጠዋትና የማታ ፀሐይ ልንገራችሁ። ከተማ መሃል የሚኖር፣ ሥራው ዓባይ ማዶ የሆነ ሰው ጠዋት ድልድዩን ሲሻገር ፀሐይ ፊቱ ላይ ናት፣ ማታ ሲመለስም ፊቱ ላይ ናት። ዓባይ ማዶ የሚኖር፣ ሥራው ከተማ የሆነ ሰው ደግሞ በሁለቱም ጉዞ ፀሐይ ጀርባው ላይ ናት። "ታድሎ!" ትሉ ይሆናል። አልታደለም። እሱ ያያል፣ ነገር ግን ከፊቱ የሚመጣው ሹፌር እሱን አያየውም። ሹፌሩ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ናት፣ ሞተሩ ደግሞ ቀጭን ናት፣ በብርሃኑ ውስጥ ትጠፋለች። ለልጆቼ የምነግራቸው ቀላል ሕግ ይኼ ነው፦ ጥላህ ከፊትህ ረዝሞ ከተዘረጋ ከፊት የሚመጣው ሹፌር አያይህም ብለህ ንዳ። መብራትህን አብራ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ካየህ ቀድመህ ቀንስ። ጥላህ ከኋላህ ከሆነ ደግሞ የማታየው አንተ ነህ።

"ታዲያ ምን እናድርግ? ውድ መነጽር ከየት እናምጣ?" ለምትሉ፣ ውድ ነገር ግዙ አላልኩም።

ሄልሜት ስትገዙ መስታወት ያለውን ግዙ። ሄልሜት ግዴታ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ክንዳችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ትራፊክ ስታዩ የምታጠልቁትም ጭምር። የሕንፃ ሠራተኛ ቆብ ደግሞ የሞተር ሄልሜት አይደለም፣ መስታወትም የለውም።

መስታወት የሌለው ሄልሜት ካላችሁ የኮንስትራክሽን ዕቃ መሸጫ ሂዱና የሥራ መነጽር ጠይቁ። የጠራ፣ ጎኑ የዞረ፣ ከፖሊካርቦኔት የተሠራ። ከአንድ ጎማ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው። ቀንም ማታም ይሆናል፣ ጠጠርም ትንኝም ያስቆማል። ለሞተር የሚሆን መነጽር ቢመታ የማይፈረካከስ መሆን አለበት። እውነተኛ የመስታወት ሌንስ ግን ስትወድቁ ስብርባሪው የሚገባው ዓይናችሁ ውስጥ ነው።

የፀሐይ መነጽር ስትገዙ "ዩቪ 400" የሚል ፈልጉ፣ ማለትም እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር የሚያግድ። ምልክቱን ማንም ሊለጥፈው ይችላል፣ ስለዚህ መነጽር ቤት ወስዳችሁ አስለኩት። አንዳንዶቹ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አላቸው። ቀለሙ ግራጫ ወይም ቡናማ ቢሆን የትራፊክ መብራት ቀለም አያዛባባችሁም። ፖላራይዝድ የሚባለው ከአስፋልትና ከውኃ የሚያንጸባርቀውን ይቀንሳል፣ ጥሩ ነው። ሆኖም የስልክና የዲጂታል ቆጣሪ ስክሪን ሊያጠቁርባችሁ ይችላል፣ እርጥብ አስፋልትም ብልጭታው ጠፍቶ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ዝናብ ሲጥል አስቡበት።

ለዝቅተኛ ፀሐይ ነፃ የሆነ ዘዴ አለ። ከሄልሜቱ መስታወት አናት ላይ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ጥቁር ፕላስተር አግድም ለጥፉ። አንገታችሁን ትንሽ ዝቅ ስታደርጉ ፀሐይዋን ይጋርዳታል፣ መንገዱ ግን ይታያል። የኮፍያ ጥላ ማለት ነው።

መስታወቱን ደግሞ አቧራ ሳለበት በደረቅ ጨርቅ አትሹት። ትጭሩታላችሁ፣ የተጫረ መስታወት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ብርሃኑን በትኖ ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል። በቤንዚን የምታጥቡትማ ምን ልበላችሁ! ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ይሰነጣጥቀዋል። ውኃና ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ።

መጨረሻ ላይ ለባለቤቶቹ። ጥፋቱ ሁሉ የሞተረኛው አይደለም።

ዕቃ አድራሽ የምትቀጥሩ ድርጅቶች፦ ልጁን ከጃኬት እስከ ሳጥን በራሳችሁ ቀለም አልብሳችሁታል። የስልክ ቁጥራችሁን ጀርባው ላይ ጽፋችኋል። ዓይኑ ላይ ግን ምንም የለም፣ ማስታወቂያ አይጻፍበትማ! ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው እሱ ነው። የጠራ አንድ መነጽር የሳጥኑን ተለጣፊ ያህል እንኳ አያስወጣችሁም።

ለግብርና ባለሙያ፣ ለጤና ሠራተኛ ሞተር የምትገዙ መሥሪያ ቤቶች፦ ባለሙያውን በአቧራ መንገድ ቀበሌ ለቀበሌ ታዞሩታላችሁ፣ ለነዳጅ ኩፖን አላችሁ፣ ለጎማ በጀት አላችሁ። የዓይን መከላከያ ሲጠይቅ "የበጀት ኮድ የለውም" ይባላል። ዓይኑ ሲታመም ለሕመም ፈቃዱ ግን ኮድ ይገኛል። ግዢ ስትጽፉ "ሞተር ሳይክል ከነ ባለመስታወት ሄልሜቱ" ብላችሁ ጻፉ። አንድ መስመር ነው።

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች፦ ስምንት ቁጥር እያዞራችሁ ታስተምራላችሁ። የጥላውን ሕግ ለማስተማር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስለ ዓይን ጥበቃ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡ።

ትራፊክ ፖሊሶች፦ አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ሲባል ትእዛዙ በከተማው ሁሉ ተፈጽሟል። ሲፈለግ መቆጣጠር እንደሚቻል አይተናል። ማታ በጥቁር መከለያ የሚነዳውን አስቁሙልን። እናንተም ቀኑን ሙሉ አደባባይ ላይ በፀሐይ የምትቆሙ ናችሁ፣ መነጽሩ ለእናንተም ይገባል፣ ጠይቁ።

ወላጆችና ባልደረቦች፦ ልጃችሁ ወይ ጓደኛችሁ መነጽር ሲያደርግ "አርቲስት" አትበሉት። "ጎበዝ" በሉት። ቀልድ ሰው እንደሚገድል የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንድ ወጣት ቀልድ ፈርቶ መነጽሩን ኪሱ ከከተተ፣ ያች ሁለት ሰከንድ ስትመጣ ቀልደኛው አብሮት የለም።

ይህን ያነበባችሁ ሞተረኞች ዛሬ ማታ ሄልሜታችሁን አንስታችሁ መስታወቱን ወደ አምፖል አድርጋችሁ እዩት። ጭረቱ ብርሃኑን ከበተነ ጊዜው አልፎበታል፣ ቀይሩት። መስታወት መለዋወጫ አለው።